ጀርባ ያላት ታይፒስት

«አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ ከጀርባሽ ማነው ያለው?»

ይህን የጠየቀኝ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ጓድ ታምሩ ነው። ነገሌ ቦረና፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ የእኔው ጠረጴዛ ፊት ቆሞ። እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ ሰው ወይ ይመልሳል ወይ ዝም ይላል። እኔ ግን ዞሬ አየሁ። እውነቴን ነው፤ ከጀርባዬ ማን እንዳለ ለማየት ዞርኩ። እናንተ ብትስቁ አልቀየምም፤ እኔ ግን እስካሁን አልሳቅኩበትም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከጠረጴዛው ልጀምር።

የጸሐፊነት ትምህርቴን በማዕረግ ጨርሼ የምደባ ዕጣ ስናወጣ ነገሌ ደረሰኝ። ሀገረ ማርያም ያለው አባቴ ሻንጣዬን አውቶቡሱ ላይ እየጫነልኝ፣ «የሙከራ ጊዜሽ ስድስት ወር ነው አይደል? ቋሚ ካደረጉሽ ሥሪ። ካላደረጉሽ ነይና የአቶ ሸዋንግዛውን ጉዳይ እንጨርስ» አለኝ። አቶ ሸዋንግዛው ሚስቱ የሞተችበት የቡና ነጋዴ ነው፤ መፋቂያውን ከአፉ ሳያወጣ የሚያወራ፣ በኔና በሱ መሃል ያለው የዕድሜ ልዩነት ብቻውን ልጅ ወልዶ የሚድር። ያን የቋሚነት ደብዳቤ ምን ያህል እፈልገው እንደነበር ከዚህ በላይ የማስረዳ አይመስለኝም።

ቢሮ ስገባ የተሰጠኝ ጠረጴዛ ድሮ ካርታ ይዘረጋበት የነበረ ነው። ሰው ቆሞ እንዲሠራበት የተሠራ። ወንበሬ ደግሞ አንድ እግሩ ተሰብሮ ሌሎቹን ሦስቱን በመጋዝ ቆርጠዋቸዋል። ለምን ብዬ ስጠይቅ የንብረት ክፍሉ ጋሽ ወንድሙ «ለእኩልነት» አሉኝ። ሲሉኝ አልሳቁም። ታዲያ ስቀመጥ ጠረጴዛው አገጬ ሊደርስ ምንም አይቀረው፤ የጽሕፈት መኪናው ደግሞ እላዩ ላይ ነው። ገምቱ እንግዲህ። እጆቼን እንደ ተማረከ ሰው ወደ ላይ ሰቅዬ፣ ትከሻዬ ጆሮዬን እየነካ፣ አንገቴን ወደ ፊት አስግጌ ቀኑን ሙሉ ስደበድብ እውላለሁ። የአማርኛ ታይፕ ደግሞ እንደምታውቁት ለአንድ ፊደል ሁለት ጊዜ መምታት አለው፤ ቅጥያው ለብቻ፣ ፊደሉ ለብቻ። «ኅብረተሰባዊት» የሚለውን ቃል የፈለሰፈው ሰው ታይፒስት እንዳልነበረ በደንብ አውቃለሁ።

ወንበር እንዲቀየርልኝ ጠየቅኩ።

«ሞዴል ሃያ ሙይ» አሉኝ ጋሽ ወንድሙ። ሞዴል ሃያ ማለት ንብረት መጠየቂያው ቅጽ ነው።

«ይስጡኝ ልሙላ።»

«አልቋል።»

«ታዲያ በምን ልጠይቅ?»

«ቅጽ እንዲላክልን በደብዳቤ ይጠየቃላ።»

ደብዳቤውን የሚጽፈው ማነው? እኔ። በዚያው ጠረጴዛ፣ በዚያው ወንበር፣ በሦስት ኮፒ።

ሦስተኛው ወር ላይ አንድ ጠዋት እኔ ከአልጋ ስነሳ አንገቴ አልነሳም አለ። ወደ ግራ አይዞር፣ ወደ ቀኝ አይዞር። ከአንገቴ ሥር እስከ ትከሻዬ ጫፍ የጋለ ሽቦ የተቀበረ ነው የሚመስለው። ሰው ሲጠራኝ መላ ሰውነቴን እንደ ተሳቢ መኪና ቀስ አድርጌ ማዞር ሆነ ሥራዬ። ከዞርኩ በኋላ ደግሞ የጠራኝ ሰው ሄዷል።

የቤት አከራዬ እትዬ አስካለ ይባላሉ። የሃምሳ አለቃ ሚስት ናቸው፤ ጎጃሜ፤ ከጦሩ ጋር ያልዞሩበት ከተማ የለም፤ ስለዚህ የማያውቁት በሽታ የለም።

«ነፋስ ነው የመታሽ» አሉኝ። «ላብሽ ሳይደርቅ ወጥተሽ። ደግ፣ አታስቢ፤ እኔ ወጌሻ አስመጣልሻለሁ። ከፓራሹት ወድቆ የተሰበረውን ሁሉ የጠገነ ሰው ነው።»

ፓራሹት ነገሌ ውስጥ ማን እንደዘለለበት አልጠየቅኩም። ወጌሻው መጣ፤ እጁን ቅቤ ነከረ፤ «ዘና በይ የኔ እህት» አለኝ። ዘና አልኩ። ከዚያ አንገቴን እንደ ጠርሙስ ክዳን አዞረው። የሰማሁትን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ቀጥ ብሎ የነበረው አንገቴ ወደ ግራ ዘሞ ደረቀ። ቢሮ ስገባ የመዝገብ ቤቱ ሰዎች፣ «ጓዲት መስመሯን ለየች፣ ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ሆነች» ብለው ሳምንቱን ሙሉ ተሳለቁብኝ። እኔ ፊደል ስመታ እንባዬ እየወረደ፣ እነሱ እየሳቁ።

በመጨረሻ ሚሲዮን ክሊኒክ ሄድኩ። ድሬሰሩ ጋሽ ጂሎ ሸበቶ፣ ረጋ ያሉ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ሽማግሌ የሆኑ ሰው ናቸው።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተለ ኮ?» አሉኝ። እንዴት አደርሽ ልጄ ማለት ነው።

«ናጋ» አልኩ። ከዚያ በራሴ ተናደድኩ። ደህና ብሆን ክሊኒክ ምን እሠራለሁ?

ጋሽ ጂሎ አንገቴን እንኳ አልነኩም። «ሥራ ላይ እንዴት ነው የምትቀመጪ? አሳዪኝ» አሉ። ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ እጄን ወደ ላይ ሰቀልኩ።

«አንቺን ሞርማ አይደለም የሚያምሽ» አሉ አንገታቸውን እየነኩ። «አንቺን ጠረጴዛ ነው የሚያምሽ።»

በሦስት ወር ውስጥ እውነት የነገረኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

«ግመል አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«ግመል ሲሄድ አንገቱ ቀድሞ ይደርሳል፤ ሌላው ኋላ ይመጣል። አንቺም እንደዚያ ሆነሻል። እሱ ግን ለዚያ ነው የተፈጠረው፣ ጌታ ይመስገን። አንቺ አልተፈጠርሽም።»

ከዚያ አስነሱኝና ግድግዳ አስደገፉኝ። ተረከዝ፣ መቀመጫ፣ ትከሻ፣ የራስ ቅሌ የኋላ ክፍል፣ ሁሉም ግድግዳውን ይንካ፤ አሥር ደቂቃ። ቀጥሎ አገጭ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይል ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሳብ፤ ሲሳብ ትንፋሽ በአፍ ወደ ውስጥ ይግባ። ቀጥሎ ሁለቱ ትከሻዎች ጆሮ እስኪነኩ ይነሱ፤ ቶኮ፣ ላማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን፤ አምስት ሲሞላ ዝርግፍ ይበሉ። ቀጥሎ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መሃል እርሳስ እንዳለ ቁጠሪና እርሳሱን በጀርባሽ ያዢው። «ሱታ፣ ሱታ» ይሉኛል፤ ቀስ፣ ቀስ። እኔ ደግሞ ቀስ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

«ይሄን በየሰዓቱ» አሉ።

«ቢሮ ውስጥም?»

«ቢሮ ስትገቢ አንገትሽን በር ላይ ትተሽ ነው የምትገቢ?»

እሺ ብዬ ወጣሁ። መከራው እዚህ ጋ ነው የተጀመረው።

የእትዬ አስካለ ግቢ ውስጥ ያለው ግድግዳ ሁሉ ጭቃ ነው፤ አንዱ ሆዱን ነፍቷል፣ አንዱ ጎድጉዷል። ቀጥ ያለው ወደ መንገዱ የሚያየው በኖራ የተቀባው ብቻ ነው። መንገዱ ደግሞ ወደ ጦር ሰፈሩ የሚወስደው ነው። ጠዋት ጠዋት አሥር ደቂቃ ተደግፌ ስቆም የሰፈሩ ጦር በፊቴ ያልፋል። አንዱ «ማን ቀጥቶሽ ነው?» ይላል። አንዱ ሲያልፍ «በቦታህ፣ ዕረፍ» ብሎ ያዝዘኛል። መሳደብ እፈልጋለሁ፤ ግን ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤያለሁ፣ ቃል አይወጣኝም።

እትዬ አስካለ ሁለት ቀን ዝም ብለው አዩኝ። በሦስተኛው ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሊያዘምቱሽ ነው?»

«አይደለም እትዬ፣ ለአንገቴ ነው።»

«ይሄን አቋቋም አውቀዋለሁ እኮ። የሃምሳ አለቃው አጥፊ ሲቀጡ እንዲህ ነው የሚያቆሙት። ምን አጥፍተሽ ነው?»

«ምንም አላጠፋሁም አልኩዎት።»

«የሚቀጣው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚለው» ብለው ገቡ። ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ በሙሉ ቅጣት ላይ መሆኔን አወቀ። እኔም ጀርባዬ ሙሉ ኖራ ሆኖ ቢሮ ስገባ ማንም አልነገረኝ፤ በቀሚሴ ላይ የግድግዳውን ካርታ ይዤ ዋልኩ።

ግን አንገቴ ተሻለው። ይህን መካድ ሐሰት ነው። በወሩ ሽቦው ወጣልኝ፤ ትከሻዬ ከጆሮዬ ወረደ፤ ደረቴ ተከፈተ። ቁመቴ ራሱ የጨመረ መሰለኝ። ጋሽ ጂሎ ብቻ «በድንገት አንገትሽን አትጠምዝዢ፤ ገና ነው፤ ስትዞሪ ከእግርሽ ዙሪ» ብለው አስጠንቅቀውኛል።

የሚገርማችሁ ሰው መታመሜን ያልወደደውን ያህል መዳኔንም አልወደደም። ሴት ልጅ አንገቷን ደፋ አድርጋ ካልሄደች ይጨንቀዋል ሕዝባችን። ስጎብጥ «አይ ጨዋ ልጅ፣ አንገት ደፊ» ይሉኝ የነበሩ ሰዎች ቀና ስል «ምን አግኝታ ነው?» ማለት ጀመሩ። ምን አገኘሁ? ግድግዳ አገኘሁ።

ያን ቀን ጓድ ታምሩ አንድ ደብዳቤ ለአራተኛ ጊዜ መልሶ አመጣልኝ። አንደኛ ላይ «በመሆኑም» ነበር። ሁለተኛ ላይ «ስለሆነም» ይሁን አለ። ሦስተኛ ላይ «ስለዚህ»። አራተኛ ላይ «በመሆኑም ይሻላል» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ሰዓቱ ልክ አራት ነበር፤ የትከሻ ሰዓቴ። ስናደድ ደግሞ አንገቴን እንደሚገትረኝ ስለማውቅ ዓይኔን ደብዳቤው ላይ ተክዬ ትከሻዬን ወደ ጆሮዬ አነሳሁ፤ ቶኮ፣ ላማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን፤ ዝርግፍ።

ትከሻ ማንሳት በእኛ አገር አንድ ትርጉም ብቻ እንዳለው ትዝ ያለኝ ፊቱን ሳይ ነው። «ምን ቸገረኝ» ማለት ነው።

«አንቺ ልጅ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመሆኑ ከጀርባሽ ማነው ያለው?»

እኔ ሞኟ ሰው ቆሞ መሰለኝ። ጋሽ ጂሎ እንዳሉኝ ከእግሬ ጀምሬ፣ በቀስታ፣ መላ አካላቴን አዞርኩ። ሰው የለም። ግድግዳው ላይ ያኔ በየቢሮው የሚሰቀለው ትልቁ ፎቶግራፍ አለ። የማን ፎቶ እንደሆነ ልነግራችሁ አልቀመጥኩም፤ አንድ ሰው ነበር በየግድግዳው የሚሰቀለው። ወደ ፎቶው ቀና ብዬ አየሁ፤ በቀስታ ተመለስኩ። መዞሩ አንገቴን ስለያዘኝ አገጬን ወደ ኋላ ሳብኩና ትንፋሼን በአፌ ወደ ውስጥ አስገባሁ፤ «ህእ»።

ትንፋሽ ወደ ውስጥ መሳብ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። አዎ ማለት ነው።

ጓድ ታምሩ ፎቶውን አየ። እኔን አየ። ደብዳቤውን ከጠረጴዛዬ ላይ በሁለት እጁ አነሳው። «‹ስለዚህ›ም መጥፎ አይደለም» አለና ወጣ።

በማግስቱ ወንበር መጣልኝ። ወንበር ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፤ ሶፋ። የእንግዳ ማረፊያውን ባለ ስፖንጅ ሶፋ ለሁለት ተሸክመው አምጥተው «ለጓዲት ክብር» አሉ። ተቀመጥኩበት፤ ሰመጥኩ። ከእኩልነቱ ወንበር በአንድ ስንዝር ዝቅ ይላል። አሁን ጠረጴዛው አፍንጫዬ ጋ ደረሰ። መልሱልኝ ብል ትሕትና መስሏቸው አደነቁኝ። ጋሽ ወንድሙ ደግሞ ከየት እንዳገኙት እንጃ አንድ ሙሉ ጥራዝ ሞዴል ሃያ ይዘው መጥተው ሶፋው ክንድ ላይ አስቀመጡና ጎንበስ ብለው አንሾካሾኩ።

«ልጄ፣ እኔ አዋሳ ብዛወር ደስ ይለኛል። ለነሱ አንድ ቃል ነው።»

«ለእነማን?»

ጋሽ ወንድሙ ወደ ፎቶው በቅንድባቸው ጠቆሙ።

ጓድ ታምሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ይለኝ ጀመር። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የአባቴ እኩያ ሰው «ደህና አደሩ?» ሲለኝ መሬት ብትውጠኝ እመርጣለሁ። ተሳስተዋል ልበል ብዬ ሁለት ጊዜ ጀመርኩ፤ «ገባኝ፣ ገባኝ፣ አይነገርም» ይለኛል። ስክድ ይብስበታል። ፈርቶኛል፤ የሚፈራ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይጽፋል።

አንድ ከሰዓት በእጅ የተጻፈ ወረቀት ላከልኝ። ከላዩ ላይ «በጣም ምስጢር» ይላል። የተጻፈው ለበላይ መሥሪያ ቤት ነው። ማንበብ ጀመርኩ፤ «በጽሕፈት ሥራ ላይ የተመደበችው ጓዲት ከጀርባዋ ማን እንዳለ ተጣርቶ በአስቸኳይ እንዲገለጽልን» ይላል። ስሜም አለ። በመሥሪያ ቤቱ ታይፕ የሚችል ከእኔ ሌላ ስለሌለ በእኔ ላይ የተጻፈውን እኔው ልጽፍ ነው። ጻፍኩት። በሦስት ኮፒ። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ጊዜ «መሆኑ» ብሎ ነበር፤ አንዱን አጠፋሁለት። ለማስፈረም ይዤ ገባሁ።

«ጓድ ታምሩ፣ ይሄ ስለ እኔ ነው እኮ።»

ደነገጠ። «አነበቡት?»

«ሳላነብ እንዴት እጽፈዋለሁ?»

«ፊደሉን ብቻ ነበር ማየት የነበረብዎት።»

ይሄ ሰው ነው ቋሚ የሚያደርገኝን የሥራ ውጤት ቅጽ የሚሞላው። ስድስተኛው ወር አለቀ፤ ቅጹ መሳቢያው ውስጥ ነው፤ አልተፈረመም። ከአባቴም ደብዳቤ መጣ፤ «አቶ ሸዋንግዛው ይጠይቃል፤ ምን ልበለው?» የሚል። ገብቼ ፊት ለፊት ጠየቅኩት፤ ለምን አይፈርሙልኝም?

«እንዴት ብዬ? ‹መካከለኛ› ብል ለኔ ጥሩ አይሆንም። ‹በጣም ጥሩ› ብልና ከጀርባዎ ማንም የለም ቢባል ደግሞ አድርባይ እባላለሁ። አንድ ስም ብቻ ይንገሩኝ። ዛሬውኑ እፈርማለሁ።»

ጋሽ ወንድሙ ነገሩን ሰምተው በረንዳ ላይ ያዙኝ። «ስም መጥራት የለብሽም፤ ሞኝ አትሁኚ። ሲጠይቅሽ ያንን ትንፋሽሽን ብቻ ሳቢ። አልዋሸሽም፣ አልማልሽም። ቋሚ ትሆኛለሽ፣ እኔም አዋሳ እገባለሁ።»

ሁለት ቀን አሰብኩበት። አልዋሻችሁም፣ በደንብ ነው ያሰብኩበት። አንድ ትንፋሽ ነው። በአንድ በኩል አንድ ትንፋሽ፣ በሌላ በኩል አቶ ሸዋንግዛው ከነመፋቂያው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ንዴቱ ግን አላስተኛኝም። ስድስት ወር ሙሉ ስንት ደብዳቤ የጻፍኩት በእነዚህ ጣቶች ነው። ቅጹ ላይ የሚሞላው ስለነሱ መሆን ነበረበት። የሚጠይቀኝ ሁሉ ስለ ጀርባዬ ነው፤ ጀርባዬን ሲያመኝ ግን ከነሱ የጠየቀኝ አንድ ሰው አልነበረም።

ሰኞ ከሰዓት የውይይት ክበብ ነበረን። ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ይሰበሰባል፤ መጨረሻ ላይ ሂስና ግለ ሂስ ይባላል፤ ተራ የደረሰው ይቆምና ጥፋቱን ያወራል። ተራው የኔ ሆነ። ጓድ ታምሩ ከመድረክ ላይ ቅጼን ከፋይሉ አውጥቶ ፊቱ አነጠፈ፤ እስክሪብቶውንም ክዳኑን ነቅሎ ያዘ።

«ጓዲት» አለ፣ «ሠራተኛው ብዙ ያወራል። እዚሁ በግልጽ ቢነገረን ጥሩ ነው። ከጀርባዎ ማነው ያለው?»

ከፊተኛው ረድፍ ጋሽ ወንድሙ ዓይናቸውን አፍጥጠው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ እየሳቡ ያሳዩኛል፤ እንደ ዓሣ።

ኋላ የሆነውን አስቀድሜ ልንገራችሁና ልገላገል። ሦስት ሳምንት ሙሉ አስጠበቀኝ፤ ከዚያ ፈረመ። «ለሥራዋ ትጉ፤ አነጋገሯ ግን እርማት ይፈልጋል» የሚል አስተያየት ነበረው። እኔው ነኝ የጻፍኩት፣ በሦስት ኮፒ። «እርስዎ»ም በዚያው ቀረ፤ «አንቺ» ሆንኩ፤ ተገላገልኩ። ጋሽ ወንድሙ አዋሳ ስላልሄዱ ሶፋውን ወሰዱት።

ያን ዕለት ግን ይህን አላወቅኩም። ተነሳሁ። ትከሻዬን አወረድኩ። አገጬን አልሳብኩም፣ ትንፋሼንም አልሳብኩም፤ ዳግመኛ ማንም አዎ አለች እንዳይለኝ። እንዲህ አልኩት፦

«ከጀርባዬ ግድግዳ ነው ያለው፣ ጓድ ታምሩ። የአከራዬ ግድግዳ። አንገቴን ስለሚያመኝ ጠዋት ጠዋት ተደግፌው እቆማለሁ። ያን ቀን ትከሻዬን ያነሳሁት ትከሻዬን አሞኝ ነው። ዞሬ ያየሁት ከጀርባሽ ማነው ሲሉኝ ሰው የቆመ መስሎኝ ነው። ትንፋሼን የሳብኩት ደግሞ ድሬሰሩ ሳቢ ስላለኝ ነው። ማንም የለኝም። አዲስ አበባ የማውቀው ባለሥልጣን የለም፣ እዚህም የለም። ማን አቃናሽ ማለትዎ ከሆነ ራሴ ነኝ። ማን አጎበጠሽ ብለው ቢጠይቁኝ ኖሮ ግን ያን የሚፈልጉትን ስም ያን ጊዜውኑ እነግርዎት ነበር።»